እንደ ቅርጫ የተከፋፈልነው ማሽን

ሽብሩ እባላለሁ። ቡታጅራ ውስጥ «ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት፣ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ይዞ የሚመጣ ሰው ግን የጠፋበት ሱቅ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያ የኔ ነበር። የዚያን ጊዜ ሥራዬ ጠዋት ሱቁን መክፈት፣ ቀኑን ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ መስጠት፣ ማታ ሱቁን መዝጋት ነበር። ስልክ የተበላሸበት ሰው ከኔ ቀጥሎ ካሉት ልጆች ዘንድ ይገባል። እኔ ጋ የሚገባው ቤት የጠፋበት እንግዳ ነው። እሱንም አንዳንዴ አሳስቼ ልኬዋለሁ።

ልጄ ትዕግስት ሁለት ሕፃናት ይዛ ከኔ ጋር ትኖራለች። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ እዚያ ጁስ ቤት ልትከፍት ካሰበች ቆይታለች። አባቷን አክብራ «ውጣ» አላለችኝም። ብቻ አንድ ቀን የጁስ መፍጫ ገዝታ መጣችና ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እዚህ ምን ይሠራል ብላት፣ «እሱም እንዳንተ ሥራ እየጠበቀ ነው አባባ» አለችኝ።

ለመስቀል የአዲስ አበባው ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ ጁስ ቤቱ ክፍት ሆኖ መገኘት እንዳለበት ተስማማን። እሷ ተስማማች፣ እኔ ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። ጭንቀቴ ቁልፉን ከሰጠሁ በኋላ ምን ልሁን የሚለው ነው። የኔ እኩዮች አስፋልቱ ዳር ያለ አጭር ግንብ ላይ ተደርድረው የሚያልፈውን መኪና ታርጋ ጮክ ብለው ያነባሉ። አንድ ከሰዓት አብሬያቸው ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ። ለመውጣት ቀላል ነው። ለመውረድ ግን ሁለት ሰው ይዞኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ግንብ በሕልሜ ይመጣብኝ ጀመር።

አሁን ወደ ማሽኑ ልውሰዳችሁ።

ሀጂ ከድር የሚባል ጓደኛ አለኝ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የመገናኛ ሬዲዮ መጠገኛ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንሠራ ኖረን አብረን ጡረታ ወጣን። እኔ ቡታጅራ ገባሁ፣ እሱ ወልቂጤ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ዕድሜያችንን የጨረስንባቸውን ሁለት ማሽኖች በጋራ ገዛን። አንዱ ኦሲሎስኮፕ ነው፤ የኤሌክትሪክን ሞገድ በመስታወቱ ላይ እየሣለ የሚያሳይ። ሌላው ጄኔሬተር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሰፈር የሚረብሸውን ማለቴ አይደለም፣ ለኦሲሎስኮፑ ሞገድ አምርቶ የሚልክለትን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ገመድ ነበር። እንደ ዲሽ ገመድ መሃሉ ሽቦ፣ ዙሪያውን መረብ የለበሰ።

የገመዱን ጫፍ ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። በኛ ሙያ የገመድ ጫፍ ወንድ ወይም ሴት ነው። ወንዱን ይዘህ ሴቷን ካጣህ ቀንህ ተበላሸ። የነዚህ ማሽኖች ኮኔክተር ግን ወንድም ሴትም አልነበረም። እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ብር የተቀባ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የሁለት ሰው ጣቶች ሲቆላለፉ አስቡት፤ የትኛው እጅ ገባ፣ የትኛው ተቀበለ አይባልም። ትንሽ ዞር፣ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። ማንኛውም ከማንኛውም ይገጥማል። የድሮ ሰዎች ይህን ያህል አስበው ሠርተው በኋላ ለምን እንደተዉት አላውቅም።

ማሽኖቹን ወልቂጤ ከድር ግቢ አወረድናቸውና የመካፈል ነገር መጣ። እኛ ደግሞ መካፈል የምናውቀው በቅርጫ ነው። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይቀመጣል፣ ከጉበቱም ከሳንባውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደርሰዋል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። እኔና ከድር ግን ያን ሁሉ ዘመን ስንኖር አንድም ቀን ቅርጫ ገብተን አናውቅም። የእሱ በሬ በቢስሚላህ ይታረዳል፣ የኔ በስመ አብ፤ መስቀልም አረፋም ሲመጣ በየፊናችን ነን። ብረት ግን የክርስቲያን፣ የሙስሊም የለውም። «ሽብሩ፣ ዛሬ ገና ካንተ ጋር ቅርጫ ልገባ ነው» አለኝ። እንዲያ ደስ ያለን ቀን ትዝ አይለኝም። ያበላሸንም ደስታው ነው።

ኦሲሎስኮፑን በአንድ መደብ፣ ጄኔሬተሩን በሌላው አደረግን። ኦሲሎስኮፑ ስለሚከብድ ለጄኔሬተሩ መደብ ብሎኑን፣ አምፖሉን፣ ትንንሹን ሁሉ ጨመርንለት። ገመዱ ግን አንድ ነው። እኔ በእኩል ይሁን አልኩ። ከድር በክንዱ ለክቶ መሃሉን ያዘልኝ፣ እኔ በሥጋ ቢላ ቆረጥኩት። ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለ ገመድ ከተቆረጠ ዋጋ እንደሌለው ለአዲስ ሠራተኛ ስንናገር አፋችን የደረቀ ሰዎች ነን። ያን ዕለት ሙያችንን የት እንዳስቀመጥነው እንጃ፤ ቢላው ግን እጃችን ላይ ነበር።

ከዚያ የከድርን ባለቤት ዘይነባን ከቤት ጠራናት። ከድር የሸሚዙን ቁልፍ፣ እኔ የክብሪት እንጨት ሰጠናት። የማን የማን እንደሆነ ሳታውቅ በየመደቡ ላይ ጣለችልን። ኦሲሎስኮፑ ለኔ ደረሰኝ። ከግማሽ ገመዴ ጋር አስጭኜ ቡታጅራ ገባሁ። ቤት ደርሼ ሶኬቱን ሰክቼ ፊቱ ስቀመጥ ነው የገባኝ። የሞገድ ማሳያው እኔ ጋ ነው፣ ሞገዱ ወልቂጤ ነው።

ደወልኩለት። እሱም ገብቶታል፤ ድምፁ ያስታውቃል። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫት ዋጋ ተጨዋውተን ስልኩን ዘጋን። አንዳችንም እንለዋወጥ አላልንም። የወደቀ ዕጣ እንዴት ይመለሳል? በዕጣ ያገኘውን ጅማታም ሥጋ ይዞ ሄዶ ማታ ጎረቤቱን ለውጠኝ ያለ ሰው በኛ አገር የለም። ቢኖርም ስሙ እስከ ልጅ ልጁ አይጠራም። እናም ዓመታት አለፉ። ኦሲሎስኮፔ የትዕግስት የአበባ ማስቀመጫ መቆሚያ ሆነ፤ ግማሽ ገመዴ የልብስ ማስጫ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከድር ደወለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ መግባቱ ብቻ አስደነገጠኝ። ሰለሞን የሚባል የጎንደር ልጅ፣ ወልቂጤ አንድ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር፣ የዕቃን ብልሽት በእጅ እየለኩ መፈለግን ለተማሪዎቹ የሚያሳይለት የድሮ ሰው ይፈልጋል። ለዚሁም ኮሌጁ ፈቅዶለታል። ከድር እንደ ልማዱ ሞተር የሚያክሉ ሁለት ማሽኖች አሉን ብሎ ጉራውን ነዝቶበታል። መምህሩም ቅዳሜ ከሰዓት ቤትህ መጥቼ ሲሠራ ልየው ብሎታል።

«ማሽንህን ይዘህ ና» አለኝ።

«ዕጣውስ?»

«ማን ስጠኝ አለህ? ይዘኸው ትመጣለህ፣ ይዘኸው ትሄዳለህ።»

ስልኩን ስዘጋ ያ ግንብ ከነታርጋ አንባቢዎቹ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ከዚያ ደግሞ ራቅ አለ። ትዕግስትን ጠርቼ ሥራ ላገኝ ነው አልኳት። መፍጫውን እያየች፣ «እግዜር ይርዳህ አባባ፣ እኔም ላገኝ ነው» አለችኝ። ዓርብ ማታ የኦሲሎስኮፑን ኮኔክተር፣ የጠቆረውን ብር፣ በጥርስ ሳሙና ስፈትግ አመሸሁ። ጠዋት የልብስ ማስጫውን ፈትቼ ሳወርድ የሕፃናቱ ልብስ ጭቃ ላይ ወደቀ። ትዕግስት ሳትነቃ ከግቢ ወጣሁ።

በአረቅጥ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ዕቃውን ጣሪያ ላይ ልስቀለው ሲል በሬሳዬ ላይ ካልተራመድክ አይሆንም አልኩት። ጋቢዬን አልብሼ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ከፍታውን ስንወጣ ጉሙ ወረደ፣ ብርዱ በረታ፣ እኔም እንዳይርስብኝ ጋቢውን ደጋግሜ እሸፋፍነዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የመስቃን ሴት ቆይታ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልጁ የታመመ ነው ወይ አለችኝ። ብዙ ዓመት ሆነው አልኳት። አላህ ያሽረው አለች። አሚን አልኩ፤ ምን ልበል?

ወልቂጤ ስደርስ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ከድር ከነባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጥምጣሙ ነጭ፣ ጺሙ በሂና ቀልቷል። አሰላሙ አለይኩም አለኝ፣ ወአለይኩሙ ሰላም አልኩት፣ ተቃቀፍን። ዘይነባ ጋቢውን ገልጣ አየችና ፊቷን አዞረች። የእሷን ቤት ማሽን ጅኒው ነው የምትለው። አሁን ሁለት ሆኑላት።

«በል ገመድህን አምጣ» አለ ከድር።

ቦርሳዬን ከፍቼ ግማሽ ገመዴን አወጣሁ። ላቃናው ዘርጋ ባደርገው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለና ለሁለት ተሰበረ። ፀሐይ እስከ አጥንቱ አድርቆታል፤ የውስጡ መረብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል።

«ያንተስ?» አልኩት።

ከድር ዘይነባን አየ። ዘይነባ ወደ በረቱ አየች።

«ላሟን ስንሸጥ በምን ልስደዳት?» አለች። «ገዢው ባዶ እጁን መጣ። ያገኘሁት እሱን ነው።»

«ከነኮኔክተሩ?»

«አንገቷ ላይ ሲያበራ ያምርባት ነበር።»

ከድር ከዚህ በፊት አልሰማም ነበር መሰለኝ፤ ቁጭ አለ። እንግዲህ ያ ብር የተቀባ ኮኔክተር እስከ ዛሬ በየትኛው ገበያ እንደሚዞር የሚያውቅ ላሟ ብቻ ናት። እኛ ስንተያይ የውጭው በር ተንኳኳ። መምህሩ ነው፤ ሰዓቱን ያከብራል። ወጣት፣ ትሁት፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ የሚጨብጥ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ መብራት ሄደ።

ሌላ ቀን ቢሆን መብራት ኃይልን እሰድብ ነበር። ያን ዕለት ግን ምርቃቴ ነው የወረደላቸው። ዘይነባ ለእንግዳው ቆሎና ሻይ አቀረበች። እኔ ወሬ ጀመርኩ። አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ አይጥ ስለወለደችበት ሻለቃ ነገርኩት፣ የሬዲዮ ማማ ላይ ወጥቶ መውረድ አልችል ስላለው ስለ ከድር ነገርኩት፣ የራሴን ቅሌት ግን ለከድር ተውኩለት። ከድር የዐስር ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ ያስቀረሁትን ሁሉ ዘረገፈብኝ። መምህሩ እየሳቀ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ብድግ አለና፣ «ጋሼ፣ መብራቱ ከቆየ ሌላ ጊዜ ብመጣ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ማለት መስቀል ነው። መስቀል ማለት ጁስ ቤት ነው። ጁስ ቤት ማለት ግንቡ ነው።

«ማሽኖቹን ጠረጴዛ ላይ ሳታይማ አትሄድም» አልኩት፤ ምን አስቤ እንደሆነ ጠይቁኝ፤ ምንም።

ጠረጴዛው ጠባብ ነው። የከድርን ጄኔሬተር በአንድ ወገን፣ የኔን ኦሲሎስኮፕ በሌላው ስናስቀምጥ ቦታ ስላጣን ፊት ለፊት ዞሩ። የሁለቱ ኮኔክተሮች በግንባራቸው ላይ ወጣ ብለው ቆመዋል። እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔና ከድርም ቀና ብለን ተያየን። ያሰብኩት እኔ ነኝ ብል ሀጂ ይጣላኛል፤ እሱ ነው ብል እዋሻለሁ።

«ወንድም ሴትም አይደሉም» አለ ከድር ቀስ ብሎ።

ገመድ ለምን ያስፈልጋል? እነዚህ ኮኔክተሮች ከማንም ጋር ይገጥማሉ። የማሽኑ ፊት ከማሽኑ ፊት በቀጥታ ይጋጠም። ይህን ያህል ዓመት ስንሠራ አንድም ቀን አልታሰበንም፤ ገመድ ስለነበረን። መፍቻ አወጣንና እርስ በርስ የሚጋጩትን የማስተካከያ መዘውሮች ሁሉ ነቀልን። ጄኔሬተሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ሁለት ጡብና የዘይነባን የክትፎ መክተፊያ አስገባንለት። ዘይነባ አንድ ነገር ልትል ነበር፤ መምህሩን አየችና ዋጠችው። ከዚያ እኔ ከዚህ፣ ከድር ከዚያ፣ ትንሽ ዞር፣ ትንሽ ገፋ። ጠቅ አለ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ድምፅ ከዚያ በፊት የሰማሁት ትዕግስት ስትወለድ ነው ብል ማጋነን ነው። ግን ቅርብ ነው።

ቀና ስንል መምህሩ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ይፈልጋል። «መስታወቱ የቱ ጋ ነው ጋሼ?»

የኦሲሎስኮፑ መስታወት የጄኔሬተሩን ሆድ ያያል። ሞገዱን ሊያይ የሚችለው ጄኔሬተሩ ብቻ ነው። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው ክፍተት መዳፍ እንጂ ራስ አያስገባም። ከድር ራሱን ሊያስገባ ሞክሮ ጥምጣሙ ብቻ ገባለት። ይህን ጊዜ ዘይነባ ተነስታ ከጓዳ የፊት መስታወቷን አመጣችና ምንም ሳትል ለባሏ ሰጠችው። ከድር በክፍተቱ ሰያፍ አድርጎ ያዘው። እኔም የማሽኖቹን ማብሪያ ተጫንኩና መብራት መጠበቅ ጀመርን።

መጣ። አሮጌ ማሽን ደግሞ እንደ አሮጌ ሰው ነው፣ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። ዘይነባ እስከ በሩ አፈገፈገች። መጀመሪያ አረንጓዴ ጭጋግ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ነጥቧ ተዘርግታ መስመር ሆነች። እኔ በእርሳስ ጫፍ የጄኔሬተሩን የመዘውር ዘንግ አዞርኩ፤ መዘውሩ ራሱ ተነቅሏላ። መስመሩ ተነሳ፣ ወረደ፣ ተነሳ። በዘይነባ መስታወት ውስጥ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ሞገድ።

መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ለከድር፣ «ተማሪዎቼ ልክ እንደዚህ ሆኖ ነው ማየት ያለባቸው። ምንም እንዳትነኩት» አለው። ቀጠለና ጎሮሮውን ጠረገ። የተፈቀደለት ለአንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ።

ማንም እንዳይጨነቅ ቶሎ ብዬ እኔው ተናገርኩ። ከድር የወልቂጤ ሰው ነው፣ ኮሌጁ በእግር ይደረስበታል፣ እሱ ይግባ፤ እኔ ቡታጅራ ብዙ ሥራ አለብኝ አልኩ። ከድር መሬት መሬት አየ። ብዙ ሥራ የሚለውን ስል ዘይነባ እንኳ አላመነችኝም። እንግዲህ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይሄድ ማሽኔን ልያዝ ብዬ ተነሳሁ። ይዘኸው ትሄዳለህ ተብሏል።

ማሽኖቹን ለማላቀቅ እኔ በኔ በኩል ያዝኩ፣ ከድር በእሱ በኩል። አንድ፣ ሁለት ብለን ጎተትን። አልላቀቅም አለ። እንደገና። አልላቀቅም። ለናንተ ልናገር፤ እኔ አልጎተትኩም። አንገቴን ደም ሥሩ እስኪገታተር አስጨንቄ፣ አቃስቼ፣ ፊቴን አቅልቼ ያዝኩት እንጂ አልጎተትኩም። ከድር ግን ምስኪን ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። በልቤ ይቅር በለኝ ወንድሜ አልኩት። መምህሩ ላግዛችሁ ብሎ ሲጠጋ ሁለታችንም እኩል «ተው፣ ይሰበራል» አልነው።

«ብር ዛገ ማለት ነው» አለ ከድር እያለከለከ።

«ተጣበቀ» አልኩ እኔ።

መምህሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከድርን አየ። የጎንደር ልጅ ጨዋ ነው፤ ያየውን በሆዱ ያዘ። እንዲህም አለ፦ «እንግዲያው እስኪላቀቅ ድረስ ጋሽ ሽብሩም አብረው ይምጡ። የሰው ማሽን ባለቤቱ በሌለበት ማስቀመጥ አልችልም።»

ያን ምሽት ከወልቂጤ ለትዕግስት ደወልኩ። ስለ ሕፃናቱ ልብስ ተናግራኝ ስትጨርስ የሱቁ ቁልፍ የት እንዳለ ነገርኳት። ቀጥላ፣ «አንተስ አባባ?» አለችኝ። ማሽኑ አልላቀቅ ስላለ ጥቂት ቀን እቆያለሁ አልኳት። ለመስቀል ጁስ ቤቱ ተከፈተ። ታፔላዬን አላወረደችውም፤ ገልብጣ ከጀርባው ጻፈችበት። እኔም ለበዓሉ ወርጄ አቮካዶ ጠጣሁ። ከዘመዶቼ ሁሉ ሂሳብ የተቀበለችው ከኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቴ ለሁለት ተከፍሏል፤ ማክሰኞ በአረቅጥ በኩል እወጣለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ፣ መሃሉን ከድር ቤት አድራለሁ። ማሽኖቹ በሳንቃ ላይ እንደተጋጠሙ በአራት ጎረምሳ ተጭነው ኮሌጁ ገብተዋል። ክፍያው የአንድ ሰው ነው፤ እንዴት እንደምንኖርበት ለማወቅ የሚጓጓ ሀጂን ይጠይቅ።

አንባቢዎቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምክር ልስጥ ብል ትስቁብኛላችሁ፣ ሳቁ። እኔና ከድር ያን ሁሉ ዓመት በደግነትም በሥርዓትም ተለያይተን ኖረናል። አልተጣላንም፣ አንዱ የአንዱን አልወሰደም፣ በስልክ ስለ ዝናብ አወራን። እንከን የለንም ነበር። ችግሩ ሁለታችንም ስንጠፋ በማንም ላይ ጉዳት አለመድረሱ ነው። ሁለት የማይሠሩ ማሽኖች በየቤታቸው በሰላም ተቀምጠው ነበር። የምትፈልጉት ሰው ካለ አስፋልት አለ፣ ሚኒባስ አለ። ብርዱን ግን ተጠንቀቁ፣ አረቅጥ ላይ ወገብ ይይዛል። እኔን ዘንድሮ ይዞኛል። ግንቡን ስታልፉ ደግሞ ለታርጋ አንባቢዎቹ ሰላም በሉልኝ፤ ቦታዬን ለሌላ ይስጡት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ፣ ቀጭን፣ ጠያቂ፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ለምን በገመድ አታገናኟቸውም አለችን። ከድር የዛገ ብር ምን ያህል እንደሚጣበቅ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። እኔም ከጎን ጨመርኩ። ልጅቷ ስታዳምጥ ቆይታ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች፤ ጄኔሬተሩን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው። ጠቅ ብሎ ወጣ።

እኔ ከድርን አየሁት። ያን ዕለት ግንባሩ ላይ ሲወርድ የነበረው ላብ ትዝ አለኝ። እሱም የኔን አንገት ደም ሥር አስታውሶ መሆን አለበት፤ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። እኔም ወደዚያው አየሁ። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

መምህር ሰለሞን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ልጅቷ ሄደና ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«መልሰሽ ግጠሚው» አላት።